የቆርቆሮው በር ጽሑፍ

በ1988 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ተማሪ ሳለሁ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ሙቀቱ ቢበረታም ካፖርቱን አያወልቅም። ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮው በር ላይ «ዛሬ አረቄ አልጠጣም» ብሎ በጠመኔ ይጽፋል። አንድ ቀን ግን ሲያጠፋው ደረስኩ።

«ምነው ጋሼ፣ ተሸነፉ እንዴ?»

«ኧረ! አረቄ የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር ምራቄ እየመጣ ተቸገርኩ» ብሎ ሳቀ። በምትኩ «ዛሬ ቀጥ ብዬ ቤቴ እገባለሁ» ብሎ ጻፈ።

ከሁለት ወር በኋላ መናኸሪያ አየሁት፤ ጢሙን ተላጭቶ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። በመጠጡ ተማርራ ገረሴ ከተማ ወላጆቿ ጋ የገባችው ባለቤቱ ከመኪና ወረደች። ሰላም ከማለቷ በፊት ጠጋ ብላ አፉን አሸተተች። ከዚያ እየሳቀች ዘንቢሏን አሸከመችው።