የአያቴ እጅ ሰፌዱ ላይ ሲቆም

ተማሪ ሳለሁ ድርሰቴን ቴፒ ላሉት አያቴ አነብላቸው ነበር። እሳቸው ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ቡና ይለቅማሉ። መግቢያውን ዝም ብለው ያሳልፉልኛል። ሐተታው ውስጥ ማስረጃ የሌለው አንቀጽ ከመጣ ግን እጃቸው ቀጥ ይላል።

«በምን አወቅሽ፣ ልጄ?»

ምሳሌ እስክጨምር አንዲት ፍሬ አይነኩም። ያ ጸጥታ ያስፈራኝ ነበር።

ነገ ሙት ዓመታቸው ነው፤ ለቤተሰቡ የማነበውን እየጻፍኩ ነው። «አያቴ ደግ ነበሩ» ብዬ ጀመርኩና በባዶው ቤታቸው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። ደንግጬ ምሳሌ ጨመርኩ፤ ወባ ሲይዘኝ በዚያ ጭቃ እስከ ጤና ጣቢያ አዝለውኝ ሄደዋል። አሁንም ጸጥ እንዳለ ነው። ሌላም ጨመርኩ፤ እየፈራሁ ጠበቅኩ።

ከእንግዲህ ምንም ብጨምር ያ እጅ ወደ ሰፌዱ አይመለስም።