የዘይነባ አዲስ ታይፕ

ባለፈው እሑድ ልጄ አዲስ ኮምፒውተር ይዞልኝ መጣ። የድሮው ሲከፈት እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ሻይ አፍልቼ እስክመለስም ገና አልተነሣም። «እማዬ፣ ይኼን ወስጄ ልጣልልሽ» አለኝ። ቆይ አልኩት። ለምን ሲለኝ ዝም ብለህ ተወው አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። አቃቂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አባቴ በባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ያረጀ የአማርኛ ታይፕ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ይዞ ወደ ቤት ገባ። በዚያ ዘመን የተቃውሞ ወረቀት ይጻፍበታል ተብሎ ስለሚፈራ ታይፕ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አልነበረምና ቀበሌ መጥቶ አየው፣ መዘገበው፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። መስመር ሲያልቅ የሚያቃጭለው ደወል ሞቷል። የቀለም ጥብጣቡ፣ ሪባኑ፣ ከገበያ ሲጠፋ የደረቀውን በስፌት መኪና ዘይት እያራስኩ እሠራበት ነበር።

የትምህርት ቤታችን ታይፕ ተሰብሮ ስለነበር፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር መምህራኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ረቂቃቸውን ይዘው እኛ ቤት ይመጣሉ። ጥር ላይ ከሆነ ከመንገድ ዳር የገዙትን የሽምብራ እሸት ታቅፈው ነው። እነሱ ይፈለፍላሉ፣ የእሸቱ ኮምጣጣ ጨው ከንፈራችንን ይቆጠቁጠናል፣ እኔ እጽፋለሁ። በየመሀሉም አስረዳለሁ፦ ጥያቄ ከቀላል ወደ ከባድ መሄድ አለበት፣ ኅዳጉ እንዲህ ይተዋል። ማንም አልጠየቀኝም። ሰው በሬን አንኳኩቶ ሲፈልገኝ ግን ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር።

ዘይነባ የጂኦግራፊ መምህርት፣ የቅርብ ጓደኛዬ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው። ታላቅ ወንድሟ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ነበርና አንድ ቀን አዲስ ታይፕ ይዞላት መጣ። ቀለሙ ሰማያዊ፣ ክዳኑ እንደ ቦርሳ የሚንጠለጠል፣ ደወሉ ጥርት ያለ። «ንኪው እስቲ» አለችኝ። ነካሁት። ጥሩ ነው አልኳት። ቤት ስገባ ግን የአባቴን ታይፕ አቧራ ሁለት ጊዜ ጠረግኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በራችን ሳይንኳኳ ዋለ። አባቴ እየወጣ መንገዱን ያይ ነበር። እኔ ማንንም እንደማይጠብቅ ሰው ወረቀቶቼን ደጋግሜ ደረደርኩ። ወደ ማታ ጨው ልግዛ ብዬ ወጣሁና በዘይነባ ቤት በኩል ዞርኩ፤ ሱቁ በዚያ በኩል አልነበረም። ደጃፏ ላይ የሽምብራ ገለባ ተከምሯል። ተማሪ ሳለሁ አንደኛነቴን ሲወስዱብኝ እንኳ እንዲያ ተቃጥዬ አላውቅም።

ሰኞ የዘይነባ ስቴንስል ማባዣው መኪና ላይ ሲዞር ክብ ክብ ፊደሎቹ ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ወጡ። ስቴንስል በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ነው፤ ፊደሉ ሲመታው ይሰነጠቅና ቀለም በስንጥቁ ያልፋል። የአባቴ ታይፕ ፊደሎች አርጅተው ስለደነዙ በልክ ይሰነጥቁታል። የአዲሱ ግን ስለት ናቸው፤ የክቡን መሀል ቆርጠው ይጥሉታል። ፈተናው ደግሞ ነገ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ። «ስንዱ፣ ከእንግዲህ ፈተናው ሁሉ ባንቺ ታይፕ ይጻፍ» አሉ።

ቅዳሜን ሙሉ የተመኘሁት ይኸው መጣ። ዘይነባ አቀርቅራለች። ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ግን ስህተት እያየሁ ሳላስረዳ መቀመጥ መቼም አይሆንልኝም፤ አፌ ቀደመኝ።

«ታይፑ ምንም አልሆነ» አልኩ። «ስቴንስሉ ላይ ስስ ላስቲክ አንጥፊና ቀስ ብለሽ ምቺ።»

ዘይነባ ቀና አለች። «እስካሁን የት ነበርሽ?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ተጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ታይፗን አንጠልጥላ እኛ ቤት መጣች። አባቴ የኔን ታይፕ ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጣት። ጎን ለጎን ተቀምጠን ፈተናውን ተካፍለን ጻፍነው። የሷ ደወል ባቃጨለ ቁጥር እኔም የራሴን መስመር እጨርስ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ የሷ ታይፕ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ይውል ነበር። ሰውም እሸቱም ተመለሰ። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ገለባው በሷ በኩል ይበልጥ መከመር አለመከመሩን በዓይኔ እለካ ነበር። የሚበዛው በሷ በኩል ነበር።

ትናንት ልጄ ተመልሶ መጥቶ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ቦታ ይበቃቸዋል አልኩት። ይህን የጻፍኩት በአሮጌው ነው። አዲሱ አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። ይየው፤ ትንሽ ይቅና።