በመርፌ የተናገረው ኮምፒውተር

የሚስቴ ወንድም ስም አለው፤ ግን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሁሉም «ጎንበስ» ነው የሚለው። ኮምፒውተር ሲጠግን ጭንቅላቱ የዕቃው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የማውቀው። የተበላሸ ሲያገኝ ይጠግናል፣ ያልተበላሸ ሲያገኝ ያሻሽላል። ጣጣው የመጣው ከሁለተኛው ነው።

ሚስቴ ጥልፍ ትሠራለች። የጥልፍ ማሽኑን የሚያዘው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ሊኑክስ የሚባለውን ነገር ጎንበስ ነው የጫነበት። ሐሙስ ጠዋት ሻይ ሊጠጣ መጣና «እትዬ፣ ስዕሉ ጥርት ብሎ ይታይሽ» ብሎ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ቀየረ። ድራይቨር ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ በኮምፒውተሩና በስክሪኑ መሀል ቆሞ የሚያስተረጉም ነው፤ ደሞዝ የለውም እንጂ። አጥፍቶ ሲያስነሳው ሁለት መስመር ነጭ ፊደል ብቅ አለ። ከዚያ ስክሪኑ ጭልም።

ቅዳሜ ልጃችንን እንድራለን። ቀሚሷ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ነጭ፣ ደረቱ ባዶ። እዚያ ላይ የሚጠለፈው የሚስቴ እናት ሳትሞት በፊት በእርሳስ የሳለችው የአበባ ሐረግ ነው። ወረቀቱን ጣሪያው ያፈሰሰው ውሃ አበላሽቶታል። የቀረው ሚስቴ ቀድማ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባችው፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

«አንተ፣» አለች ሚስቴ ቀስ ብላ፣ «እናታችንን የት አደረስካት?»

«አለች፣ እትዬ። ኮምፒውተሩ አልሞተም።» የትልልቅ ፊደሉን ቁልፍ ተጫነ። ኪቦርዱ ላይ ትንሿ መብራት በራች። ደግሞ ተጫነ፣ ጠፋች። «አየሽ? ይሰማል። ፊቱን ብቻ ነው ያጣነው።»

«እኔ እኮ የምፈልገው ፊቱን ነው!»

ለአንድ ጠጋኝ ጓደኛው ደወለ። ሰውዬው «ምን ያደክምሃል? ደምስሰውና እንደ አዲስ ጫነው» ሲል ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ። ሚስቴ መቀስ አነሳች። ያነሳችው ለክር ነው፤ ጎንበስ ግን ስልኩን ቶሎ ዘጋ።

እኔም ዝም ከምል ብዬ፣ «የሚሰማ ከሆነ ታዲያ ሳታዩት ጥለፉት» አልኩ።

«ጋሼ፣ አራት መቶ ስዕል አለ፤ የሁሉም ስም ቁጥር ነው። የቱ እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

«ልጄ ደረቷ ላይ የኳስ ቡድን አርማ ለጥፋ ትዳር?» አለች ሚስቴ። ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር።

ጎንበስ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ጨለማ ፊት ዓይን መግለጥ ምን ይሠራል? የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የክር ጥቅሎቹ ላይ ተኝታለች። ብናኙ አየር ላይ ቀስ እያለ ይዋኛል። ጣቶቹ ብቻ ናቸው የሚሰሙት፤ ስሙን ጻፈ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ የይለፍ ቃሉን ጻፈ፣ ጠበቀ። በር አንኳኩቶ እንደሚጠብቅ እንግዳ። እኔም እንቅልፍ ይሁን ምን እንጃ፣ ቤቱ ውሃ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

«እትዬ፣ ቁራጭ ጨርቅ ወጥሪልኝ። ክሩ ቀይ ይሁን።»

ድሮ የደንበኞችን ስም ፎጣ ላይ እንድትጠልፍ ብሎ አንድ ትእዛዝ ሠርቶላት ነበር፤ የተጻፈውን ሁሉ ማሽኑ ይጠልፈዋል። አሁን ኮምፒውተሩን «ለምን እንደጨለምክ እዚያ ላይ ንገረኝ» አለው። መርፌው ተንጣጣ። በሚያምር ቀይ ጥልፍ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» አለን። ጎንበስ ሲጽፍ አንድ ፊደል ስቷል፤ አርሞ ደገመው።

ሁለተኛው ጨርቅ ላይ አራት መስመር ወጣ፣ ይሄም በፈረንጅ ፊደል። ጎንበስ በጣቱ እየዳሰሰ አነበበው።

«ሁለት ስክሪን አለኝ ይላል።»

«አንድ ነው ያለው፣» አልኩ፤ መቁጠር እችላለሁ።

«አዲሱ ድራይቨር ሌላ አለ ብሎ አምኗል፣ ጋሼ። ሁሉን ነገር የሚያሳየው እዚያ ነው።»

ሦስታችንም ከስክሪኑ ጎን ያለውን ባዶ ግድግዳ አየን። ማንም ያልገዛው ስክሪን እዚያ ጋ በርቶ፣ አበባው ተከፍቶበት፣ የሚያየው ሰው አጥቶ።

«እናታችን እዚያ ሆና ታየን ይሆን?» አለች ሚስቴ። መሳቅ አማረኝ፤ አልሳቅኩም።

ጎንበስ ዓይኑን እንደገና ጨፍኖ አንዲት መስመር ጻፈ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነባት ናት። «ሁለተኛ ስክሪን የለህም፣ ተወው» እንደማለት ነው። አጠፋውና አስነሳው። ነጭ ፊደሎች እንደ ጉንዳን ወረዱ። ሁለት መስመር፣ ሦስት፣ አሥር፣ አላቆሙም። ስክሪኑ ፈካ።

ሚስቴ ስዕሎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። አውራ ዶሮ፣ መርከብ፣ ያ የኳስ ቡድን። ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሐረጉ ወጣ። አንዷ ቅጠል ከሌሎቹ ወፈር ብላ ትጣመማለች፤ የአማቴ እጅ ተንቀጥቅጦ ነበር።

ቀሚሱን ወጠረችው። መርፌው ከግንዱ ጀመረ፣ አበባዎቹን ዞረ። ጠማማዋ ቅጠል ጋ ሲደርስም ሳያቃናት፣ እንደ ሌላው ሁሉ ጠልፏት አለፈ። ሚስቴ በጣቷ ነካ አደረገቻትና ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ ረጥቧል።

«አንተ ሰውዬ ምን ትገተራለህ? አረንጓዴው አልቋል፣ ክር አቀብለኝ እንጂ!»