የእትዬ የሺ ሰላምታ

የእትዬ የሺን ማረፍ እስካሁን ያልሰማችሁ ካላችሁ በዚህ ጽሑፍ ተረዱ። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ኮልፌ በሚገኘው ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ አእምሯቸው ሳይደክም አርፈዋል። ወይዘሮ የሺ ከኮልፌ እስከ አየር ጤና ላም የታመመችበት፣ በቅሎ ያነከሰችበት፣ ውሻ የተነከሰበት ሰው ሁሉ በራቸውን እያንኳኳ የጠራቸው የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። እኔ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአንድ አጥር ብቻ የተለየሁ ጎረቤታቸው ነበርኩ።

ቀብራቸው ላይ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብም ሰምታችኋል። ያነበበው የእድራችን ሊቀመንበር ነው። መነጽሩን አስተካክሎ፣ ድምፁን አሳዝኖ፣ «ወይዘሮ የሺ በአብዮቱ ዘመን ያሳድጓቸው የነበሩትን የዱር እንስሳት ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ሲሉ በፈቃዳቸው ያስረከቡ አገር ወዳድ ነበሩ» አለ። እኔ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቀብር ላይ ነገር ማንሳት ነውር ነውና ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። አሁን ግን ቤቴ ነኝ፤ ብዕርም ይዣለሁ።

ሰውየውን በስሙ አልጠራውም። ስሙ ከእሳቸው ስም ጋር በአንድ ገጽ ላይ እንዲያድር አልፈልግም። አንቱም አልለውም። በዕድሜ ታላቄ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህ ወረቀት እጁ እንደሚገባም አውቃለሁ። ይግባ፤ ያንብበው።

ነገሩ የተጀመረው አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ነው። ባለጸጎቹ ሲታሰሩ፣ የውጭ አገር ሰዎቹም ሻንጣቸውን ይዘው በጥድፊያ ሲሄዱ፣ በየግቢው ለጌጥ ያስቀመጧቸው እንስሳት ቀሩ። የተወረሱትን ቪላዎች የተረከቡ ሰዎች እነዚያን እንስሳት በጆንያና በሣጥን እያደረጉ እትዬ የሺ ወደሚሠሩበት ክሊኒክ አመጡ። «በመርፌ ገላግሉን» ነበር የሚሉት። እትዬ የሺ መርፌውን መልሰው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይቆልፉና እንስሳውን ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። «ያመጣቸው ሰው ሄዷል፤ የመጡት ግን ሆድ አላቸው» ይሉ ነበር። በዚህ ዓይነት በዓመት ተኩል ውስጥ አንድ ከኮንጎ የመጣ ግራጫ በቀቀን፣ ሁለት ጦጣዎች፣ አንድ ጣዎስ፣ አንዲት ኤሊና አንዲት አቦሸማኔ ግቢያቸው ገቡ።

አቦሸማኔዋን ወለላ አሏት። ስትመጣ ጌታዋ ያሰረባት ሰንሰለት ትከሻዋን በልቶት ሥጋዋ ተከፍቶ ነበር። እኔ ጭንቅላቷን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ያዝኩ። እትዬ የሺ እናታቸው ጥልፍ ጠላፊ ስለነበሩ ቁስል ሲሰፉም እንደ ጥልፍ ክሩን እያነባበሩ በመስቀል ነበር የሚሰፉት። ሰባት መስቀል ሰፉ። ቁስሉ ሲድን በዚያ ቦታ ጠጉር አልበቀለም፤ ሰባቱ መስቀል በትከሻዋ ላይ ቀሩ። ይህን አስታውሱልኝ።

ግቢያቸው ወደ ወንዙ የሚወርድ ተዳፋት ነበር። ከግርጌው ባለቤት ያልነበረው ቦታ አለ፤ በቦታው ላይ ወይራዎችና አንዲት ምንጭ ነበሩ። እትዬ የሺ እዚያ ለእንስሶቹ መኖሪያ ሊሠሩ አሰቡ። እኔ በሕንፃ ሥራ መሥሪያ ቤት ንድፍ አውጪ ስለነበርኩ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አብረን እንቀመጥና እሳቸው ሲናገሩ እኔ እሥላለሁ። የብረት ፍርግርግ አይኖርም፤ «ብረት ለሌባ ነው» አሉ። አጥሩ ኮሽምና ቀጋ ይሆናል። ባህር ዛፍ ምንጩን ስለሚያደርቅ አንድም አይተከልም። የዝናቡ ውኃ ከጣሪያው በአሸንዳ ወርዶ በርሜል ይገባል፤ ፍጉ ደግሞ በወንዙ ዳር ጎመን ለሚተክሉት ይሰጥና እነሱ በምትኩ የጎመኑን ውጪ ውጪ ቅጠል ይሰጣሉ። ለወለላ ረጅም ሜዳ እንድሥል ሦስት ጊዜ አስጠፍተው አስደገሙኝ። «መሮጥ አለባት፤ ስትዞር አንገቷን እንዳትሰብር ጫፉን ክብ አድርገው» አሉኝ።

የሚያስፈልገውን ደግሞ በእድር ወግ ሰበሰቡ። ቤት ለቤት ዞረው «ገንዘብ አልፈልግም፤ ከምትጥሉት ስጡኝ» አሉ። የልኳንዳው ጋሽ ከድር ሳንባና ትርፍራፊ ሥጋ ሊሰጥ ቃል ገባ። ወፍጮ ቤቱ ፉርሽካ፣ አናጺው የተቆራረጠ እንጨት፣ ሌላው የአንድ እሑድ ጉልበት። ሰፈሩ ግን መቼም ሳይቀልድ አያልፍም።

«እትዬ የሺ፣ ለጦጣ እድር! እኛ ስንሞት ድንኳን የምትተክልልን ጦጣዋ ናት ማለት ነው?» አላቸው ጋሽ ከድር።

«ትተክላለች! ገመዱን ሠርቃ ካልሄደች» አሉት።

እየሳቁ በንድፉ ጀርባ ላይ ፈረሙ፣ መጻፍ የማይችለውም ጣቱን አተመ። ሠላሳ ቤት ያህል ገባበት። ከእናንተ ውስጥ ጣታችሁ በዚያ ወረቀት ላይ ያለ ብዙ ናችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሌላውን ከመክሰሴ በፊት ራሴን ልክሰስ።

«እትዬ የሺ፣ በዚህ ዘመን ማኅተም የሌለው ነገር ውሎ አያድርም። ለቀበሌ እናቅርበው» አልኳቸው።

«ተስፋዬ፣ ማኅተም ካረፈበት በኋላስ የማን ይሆናል?» አሉኝ።

ሳቅኩባቸው። ከዚያም በንድፉ ግልባጭ ራስ ላይ «የሰፊው ሕዝብ የዱር እንስሳት ማረፊያ» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፤ ሰውየው ቀይ ይወዳል ብዬ።

ያን ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው ይኸው ቀብር ላይ ያነበበላችሁ ሰው ነው። ግልባጩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየ። እትዬ የሺ ስለ ጦጣዎቹ፣ ስለ ወለላ ሜዳ አስረዱት። እሱ «ምንጩ በበጋም አይደርቅም ነው የምትሉኝ?» አለ። «አይደርቅም ጓድ ሊቀመንበር» አሉት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀ። ስንወጣም በር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። ስለ እንስሶቹ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። እኔ ሞኙ እየተደሰትኩ ወጣሁ።

ሁለት ወር ቆይቶ አንድ እሑድ የመሠረተ ትምህርት ስብሰባ ተጠራ። ያልተገኘ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም ተባለ። እትዬ የሺ ለከብት ክትባት ወደ ገጠር ወጥተው ነበር፤ ወደዚያ መሄዳቸውን ሰውየው አሳምሮ ያውቃል፣ የፈቃድ ደብዳቤው በእሱ እጅ አልፏል። አዳራሹ ሞላ። እሱ መድረክ ላይ አልነበረም፤ ምክትሉ ነበር የሚናገረው። ከረፋዱ ላይ ጥይት ተሰማ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ተከታትሎ። ከወንዙ በኩል መሆኑ ለማንም አልጠፋም። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እኛም አጨበጨብን። እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ ነበር። አጨብጭቤያለሁ።

እትዬ የሺ የተመለሱት ሊመሽ ሲል ነው። ግቢው ውስጥ የጣዎሱ ላባ ተበትኗል። ጦጣዎቹ እርስ በርስ እንደተቃቀፉ ጥግ ላይ ወድቀዋል። በቀቀኑ ከነሽቦ ቤቱ የለም። የወለላ ደም እስከ በሩ ድረስ ተጎትቷል፤ እሷ ራሷ ግን አልነበረችም። የተረፈችው ድንጋይ መስላቸው ያለፏት ኤሊዋ ብቻ ናት። እትዬ የሺ አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞረው፦

«የት ነበርክ?» አሉ።

«ስብሰባ።»

«ምን ወሰናችሁ?»

ጎንበስ ብዬ የጣዎሱን ላባ መልቀም ጀመርኩ።

በማግስቱ «የፊውዳል ቅምጥልነት ትርፍራፊ ተወገደ» የሚል ወረቀት በቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። በቦታው ላይ የቀበሌ መዝናኛ ክበብ ተሠራ። የሠሩት በእኔ ንድፍ ነው፤ መንገዱ እኔ በሣልኩት መስመር ሄደ፣ ምንጩም የቢራ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ሆነ። የወለላ ሜዳ ጫፉ ክብ እንደሆነ የካርታ መጫወቻ ጠረጴዛ ተደረደረበት። እትዬ የሺ አቤት ያላሉበት ቢሮ አልነበረም። የተሰጣቸው መልስ «ዝም ይበሉ» ነበር፤ እሳቸውም ለጊዜው ዝም አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት የሰውየው እናት ሞቱ። የሰፈር ለቅሶ ነውና አይቀርም፤ ከእትዬ የሺ ጋር አብረን ሄድን። ሳሎን ገብተን ለቀስተኛው መሀል ተቀመጥን። ቀና ስል ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ የአቦሸማኔ ቆዳ ተወጥሮ አየሁ። እትዬ የሺም አዩት። ብድግ አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ሄዱና ትከሻው ላይ ጠጉር የሌለበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ። አንድ በአንድ ሰባት ጊዜ።

«እናትዎን ነፍስ ይማር፣ እርስዎንም እግዜር ያጽናዎት» አሉት ረጋ ብለው። «ይኼን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ተመልሰው ተቀምጠው የቀረበላቸውን ንፍሮ በሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታው ተጀመረ። ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ ምን እንደነበረ ግን ላታውቁ ትችላላችሁ። ሰውየውን ባገኙት ቁጥር፣ መንገድ ላይም ይሁን የእድር ስብሰባ ላይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቆም ብለው እጅ ነሥተው እንደ ጨዋ ሰው ይጠይቁታል። «እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆቹስ? የትልቁ ልጅ ትምህርት እንዴት ነው?» እሱ እየመለሰ እየመለሰ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፦ «ወለላስ ደኅና ናት?»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። ከዚያም ሦስት ቀን በቀበሌ እስር ቤት አሳደራቸው። ጠባቂው «እማማ፣ ምን አድርገው ገቡ?» ቢላቸው «ሰላምታ አብዝቼ ነው ልጄ» አሉት። በሦስተኛው ቀን በሩን የከፈተው ሰውየው ራሱ ነበር። ፊታቸው ሳይታጠብ፣ ቀሚሳቸው ላይ ገለባ እንደተጣበቀ፣ ከልጆቹ ጀምረው ሁሉንም በየተራው ጠየቁት። ወለላንም አልረሱም።

ቆዳውን ከግድግዳው አወረደው፤ ሰላምታው አልቀረም። መንገድ እየቀየረ መሄድ ጀመረ፤ እሳቸውም መንገድ ቀየሩ። ደርግ ወደቀ፣ ሰውየው ጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ፣ ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀመረ፣ ሰውም ረሳና የእድር ሊቀመንበር አድርጎ መረጠው። እኔም መርጬው እንደሆነ እንጃ፤ እጅ ሲወጣ እጄን የማወጣ ሰው ነበርኩ። እሳቸው አልረሱም። አንድ ቀን ሲመረው «እትዬ የሺ፣ ያለፈው አልፏል፤ እባክዎ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። እሳቸው እንደ ወትሯቸው እጅ ነሥተው «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» አሉት።

ከማረፋቸው በፊት የንስሐ አባታቸው ይቅርታ እንዲያደርጉ መከሯቸው። እኔ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። «አባቴ፣ በእኔ ላይ የሠራውን፣ እስሩንም ቦታውንም፣ ይቅር ብያለሁ። በወለላ ላይ የሠራውን ግን ይቅር የምልበት ውክልና የለኝም» አሉ። እንዲህ ላለች ሴት ነው እንግዲህ «በፈቃዳቸው አስረከቡ» ተብሎ የተነበበው። ሲሞቱ ዝም ይላሉ ብሎ ነው። መቃብሩ ሳይዘጋ በላያቸው ላይ ዋሸ።

እትዬ የሺ፣ እርስዎን ለመሰናበት እነዚህ ጥቂት ቃላት ቀርተውኛል። ያን እሑድ ከአዳራሹ ባለመነሣቴ ይቅርታ ሳልጠይቅዎ ዓመታት አለፉ፤ እርስዎም አንድ ቀን አላነሡብኝም። ኤሊዋ እኔ ዘንድ ናት፤ ጎመን እየበላች ነው። ዋናውን ንድፍም ከነጣት አሻራው አስቀምጬዋለሁ፤ አልዋሸሁም ብሎ ቢክድ የምዘረጋው ወረቀት አለኝ።

ትናንት አየር ጤና ፌርማታ ላይ ሰውየውን አገኘሁት። ታክሲ እየጠበቀ ነበር። አንቱ ብዬ፣ እጅ ነሥቼ፣ ጤናውን ጠየቅኩት። ባለቤቱን ጠየቅኩ። ልጆቹን በየስማቸው ጠየቅኩ። ፊቱ ፈታ አለ፤ ቀብረናት ተገላገልኩ ብሎ ነበር መሰለኝ። ከዚያ እንደ እርስዎ ድምፄን ሳልለውጥ ጠየቅኩት። ታክሲው መጥቶ ቆመ፣ ሞላ፣ ሄደ፤ እሱ አልተሳፈረም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ጣታችሁን ያተማችሁም ያጨበጨባችሁም፣ ስታገኙት በጨዋ ደንብ ሰላም በሉት፤ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠይቁለት፤ መጨረሻዋን ጥያቄ ግን አትርሱ። እርስዎ ይረፉ፣ እትዬ የሺ። ከእንግዲህ በሄደበት ሁሉ የሚጠይቀው ሰው አያጣም።