ተመለስ ቢሉት የማይመለስ ሸኚ

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መድረክ ላይ መቆም እንደማልወድ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎቹ ደጋግመው መስክር ብለውኝ ደጋግሜ አምልጫቸዋለሁ። ዛሬ ግን ዝም ልበል ብል ውስጤ አልፈቀደልኝም። ጌታ ለእኔ ያደረገውን ልናገር ተነስቻለሁ፤ ንግግር አላውቅበትምና ታገሱኝ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ለምርመራ ደም ሊሰጥ ነው፤ መርፌውን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ ክንዱን በጥጥ ይዞ ይወጣል። ብዙ ወሬ የለውም። እኔም እንዲያ ተመችቶኝ ስኖር ነበር።

ባለቤቴ ትዕግሥት ትባል ነበር። የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ናት፣ መምህርት። ስትስቅ ከጎረቤት ይሰማል። ኩላሊቷን ታመመችና ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ተመላለስን። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ወደ ጎን ወስዶኝ፣ አንተም የሙያው ሰው ነህ፣ ውጤቱን አይተኸዋል፣ እቤቷ ትሁን አለኝ። ይዣት ተመለስኩ። ብዙም አልቆየች። ልጃችን ማህደር ያኔ ግድግዳ ይዛ መሄድ መጀመሯ ነበር።

ልጅቷን አማቴ እትዬ ስንዱ ወሰዷት። ለጊዜው ነው ተባለ። ለጊዜው የተባለው ዓመታት ሆነ። ማህደር ቁርጥ እናቷን ናት፤ ፊቷን ማየት አቃተኝ፣ እውነቱ ይኸው ነው። ለበዓል ልብስ እልካለሁ፣ እደውላለሁ፣ መሄድ ግን የለም።

የአገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ጎረቤቱ ተራ ገብቶ ይመጣል፣ አብሮት ይቀመጣል፣ ያበላዋል። ሐዘንተኛውም ወግ ነውና ሲሸኛቸው፣ ደከማችሁ፣ ይብቃችሁ፣ ከእንግዲህ አትምጡ ይላቸዋል። እነሱም ወግ ነውና እንዳልሰሙ ሆነው በማግስቱ ይመጣሉ። እኔ ግን ያንን "አትምጡ" ፊቴን አኮሳትሬ፣ ጠበቅ አድርጌ ነበር የምለው። ሰዉም ቀስ በቀስ አመነኝ። አምኖኝ ሲቀር ደግሞ ተቀየምኩት። ጉዴን አያችሁ? አትምጡ ብያቸው ለምን አልመጡም ብዬ የማኮርፍ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ወጥቶ ባዶ ቤት መግባት ፈራሁ። መሮጥ ጀመርኩ። በእኛ አገር ጎልማሳ ሰው ብቻውን ሲሮጥ የሚታየው መርዶ ይዞ ነው። ገበሬው በሬውን አቁሞ "ኧረ ማን ሞተ?" ይለኛል። ማንም አልሞተም፣ ስፖርት ነው እላለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ታዲያ ማን አባረረህ?" አሉኝ። ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ሩጫው ሲያንሰኝ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። እሱም ሲያንሰኝ በልጅነቴ የዋኘሁበት ወንዝ ወርጄ መዋኘት ጀመርኩ። በስልኬ ትራያትሎን የሚባል ነገር አየሁ፤ ዋኝተህ፣ ከውኃው ወጥተህ ብስክሌት ነድተህ፣ ከብስክሌቱ ወርደህ ትሮጣለህ፣ ሳታርፍ። ይሄ ለእኔ የተሠራ ነው አልኩ። ማንም የማያናግርህ ነገር ነዋ! አብሮኝ የሚሠራ ሐኪም ክሳቴን አይቶ መረመረኝና፣ ደምህ ደህና ነው፣ ያነሰህ ምግብ ሳይሆን አብሮህ የሚበላ ሰው ነው አለኝ። ተቆጣሁት።

ባሕር ዳር ለአማተሮች እንዲህ ያለ ውድድር እንዳለ ሰማሁና ተመዘገብኩ። ልሄድ ስል እትዬ ስንዱ ደወሉ። እሳቸው በአማችነት ወግ ሁልጊዜ "እርስዎ" ነበር የሚሉኝ። ያን ቀን ግን "አንተ" አሉኝ።

"መስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች። አባትሽ የታለ ሲሏት ምን ትበል? ወይ መጥተህ ውሰዳት፣ ወይ ቁርጡን ንገረኝና እኔው እናትም አባትም ልሁናት" አሉኝ።

ከውድድሩ ስመለስ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ቅዱሳን፣ ልቤ ውስጥ ግን መልሱ አልቆ ነበር። ዝውውር ጠይቄ ማንም ወደማያውቀኝ አገር ልሄድ ነው። ልጄን ለሳቸው ልተዋት ነው። ይህን ወስኜ ነው ጣና ዳር የቆምኩት።

ወንዝ ውስጥ የለመደ ሰው ሐይቅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ? ወንዝ ዳርቻው ቅርብ ነው፣ ሲደክምህ ድንጋይ ትይዛለህ። ጣና ላይ የምትይዘው የለም። ነፋሱ ማዕበሉን ፊቴ ላይ ያመጣዋል፣ ውኃ እጠጣለሁ፣ አስላለሁ። ሌሎቹ እየራቁኝ ሄዱ። በጀልባ የሚጠብቀን ልጅ ላውጣህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እምቢ አልኩት። ስወጣ ከእኔ በኋላ ማንም አልነበረም። በብስክሌቱ አካክሰዋለሁ ስል ጎማዬ ተነፈሰ። አስፋልት ዳር ቁጭ ብዬ ስለጥፍ ያለፈው መንገደኛ ሁሉ አየኝ፤ የቆመልኝ ግን የለም። ወንድሞች ሆይ፣ ያን ጊዜ ያልኩትን አልረሳውም። ይኸው፣ እንዲህ ነው የምትኖረው፣ ልመደው አልኩ ለራሴ።

ሩጫው ላይ ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ የስማዳ ብርድ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ የባሕር ዳር ሙቀት ጉልበቴን አሟሸሸው። ባቴ ድንገት ተኮማተረና ድንጋይ ሆነ። ውኃ የሚያድሉት ጠረጴዛቸውን አጥፈው ሄደዋል። መንገዱ ለመኪና ተከፍቷል፣ ሾፌሩ ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል። እያነከስኩ መራመድ ያዝኩ። ከኋላዬ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሞተር ሰማሁ።

ሞተሩ ላይ ያሉት ጋሽ አያሌው ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሥራቸው በሩጫው የመጨረሻውን ሰው ተከትሎ ያቃተውን አፈናጦ መውሰድ ነበር። ውጣ ሊሉኝ ነው ብዬ ሳላያቸው ቀጠልኩ። አገሬን ጠየቁኝ። ስማዳ አልኳቸው። እሳቸው የጋይንት ሰው ሆነው ተገኙ። የጎረቤት ልጅ ብቻውን እየሄደ እኔ ሞተር ላይ አልቀመጥም አሉና ሞተሩን ለአንድ ባለሱቅ አደራ ሰጥተው በእግራቸው አጠገቤ መጡ።

እኔም ያው ልማዴን አላጣሁትም። ይመለሱ ጋሼ፣ ፀሐዩ ያምዎታል አልኳቸው። ዝም ብለው ይራመዳሉ። ትንሽ ሄደን ይብቃዎት፣ ይመለሱ አልኳቸው። አሁንም አልቆሙም። ደግሜ ስላቸው ቆሙና ክንዴን ያዙኝ።

"ስማ ልጄ፣ ወጉን እኔም አውቀዋለሁ። ተመለስ የሚል ሁሉ ተመለስ ማለቱ አይደለም። አሁን ወጉን ተወውና እውነቱን ንገረኝ። ልመለስ?"

ወገኖች፣ ትዕግሥት ከሞተች ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቆሜ ቆሜ፣ "አይመለሱ" አልኩ። "ጋሼ፣ አይመለሱብኝ።" ከዚያ አለቀስኩ። በቀብሯ ዕለት ያላለቀስኩትን እዚያ አስፋልት ላይ፣ መኪናው ጥሩምባ እየነፋብኝ፣ በቁምጣ ቆሜ አለቀስኩት። ሃሌ ሉያ! አፈርኩ እንዳትሉ፣ አላፈርኩም።

እየሄድን ሁሉንም ነገርኳቸው። ትዕግሥትን፣ ልጄን፣ ዝውውሩን። ገና አፌን ስከፍት መስበክ አልጀመሩም፤ እስክጨርስ ሰሙኝ። ሲበቃኝ እንዲህ አሉኝ።

"እኔ እስከ መጨረሻው መስመር ነው የምሸኝህ። ከዚያ ወዲያ ሚስት አለችኝ፣ ቤቴ እገባለሁ። ሰው ሸኝቶ ይመለሳል። ኢየሱስ ግን ተመለስ ብትለውም አይመለስም። ይሄን ሁሉ ዓመት በር ስትዘጋበት የኖርከው በእሱ ላይ ነው፤ እሱ ግን አልሄደም።"

እኔ የኢየሱስን ስም የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። አባቴ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ ቅዳሴና ዜማ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሞቱንና ትንሣኤውን ከሕፃንነቴ አውቃለሁ። እኔን ብሎ፣ የመጨረሻውን ሰው ብሎ፣ በዚያ ሙቀት አጠገቤ እንደሚሄድ ግን አላውቅም ነበር። ያን ቀን አወቅሁ። ጌታ ይባረክ!

ስንደርስ ሰው የለም። የመጨረሻውን መስመር በር አፍርሰው ጠቅልለውታል፤ ወንበር የሚጭኑ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። ሰዓት የያዘልኝ፣ ሜዳሊያ ያጠለቀልኝ የለም። አንዱ ሠራተኛ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ ሲል ጋሽ አያሌው ቆጣ ብለው "ጨርሷል" አሉት። ዛፍ ጥላ ስር ሊጸልዩልኝ እንበርከክ ቢሉኝ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ከዚያ እንዳሉት ተሰናብተውኝ ሄዱ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ማንም አጠገቤ የለም። ግን ወገኖች፣ ፍርሃቱ አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ እትዬ ስንዱ ጋ ደወልኩና ልወስዳት እመጣለሁ አልኳቸው። መቼ አሉኝ፤ ነገ አልኳቸው። ቆይተው፣ "ምሳ ላቆይልህ?" አሉኝ።

እያነከስኩ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። ማህደር ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ሆና አየችኝና "ጋሼ፣ ደህና ዋሉ" አለችኝ። እንደማንኛውም እንግዳ። ያ ከጣና ማዕበል ይብሳል፣ እመኑኝ። ወገዳ ከመጣችም በኋላ ለብዙ ጊዜ ጋሼ ነበርኩ። እትዬ ስንዱ ሃይማኖት ለወጥክ ብለው እስካሁን ይቆጡኛል፤ በጾም ወራት እየደወሉ ልጄን ምን አበላሃት ይሉኛል። አባቴም ገና ልባቸው አልተመለሰልኝም። ብቸኝነቱ ድራሹ ጠፋ ብዬ እዚህ ቆሜ አልዋሽም። የትዕግሥት ቦታ ዛሬም ባዶ ነው፤ አንዳንድ ቀን ቤቱ ይጨንቀኛል። ያን ጊዜ ግን ጌታን፣ ዛሬም እንዳትመለስብኝ እለዋለሁ። ተመልሶብኝም አያውቅም። ስሙ ይክበር!

አሁን ከመካከላችሁ ሰው ሁሉ ቀረብኝ ብሎ ያኮረፈ ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ወጉን ተወውና ለጌታ እውነቱን ንገረው። ና በለው። እስክትጠነክር፣ እስክትስተካከል አይጠብቅህም። እኔን እያነከስኩ፣ ከሁሉ ኋላ ቀርቼ ነው የተቀበለኝ፤ አንተንም ይቀበልሃል። እመነው።

ያቺ ከኋላ ተቀምጣ እጇን የምታወዛውዘው ልጄ ናት፤ በቃህ ማለቷ ነው። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ልንመጣ ስንል የጫማዋን ክር አሰርኩላት። እግሯን ሰብሰብ አደረገችና፣ "አባዬ፣ አጠበቅከው" አለችኝ። ፈትቼ እንደገና አሰርኩላት። ጌታ ይባረክ።