ለነፋስ ቀን የሚተዉት እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ አርፈዋል። ጂንካ ያላችሁ ሰምታችኋል፤ ቀብራችኋልም። በቀይ አፈር፣ በቱርሚና በኦሞራቴ የምታውቋቸው፣ እንዲሁም አርባ ምንጭና አዲስ አበባ ልጆቻችሁ ዘንድ የገባችሁ የድሮ ባልደረቦቻችን ግን ምናልባት ይህን ስታነቡ ነው የምትሰሙት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ እሳቸውም በጥድፊያ የሚያነብ ሰው አይወዱም ነበር።

እትዬ አስካለ የሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጂንካ መናኸሪያ፣ በስምሪት ክፍል ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ አውቶቡስ እንደ ዝናብ በሚጠበቅበት ጊዜ ተቀጥረው፣ ሚኒባሱ መንገዱን እስኪሞላው ድረስ ሠርተዋል። ድምፅ ማጉያ አያስፈልጋቸውም። «አርባ ምንጭ! ቲኬት ያለህ ግባ፣ የሌለህ አትጋፋ!» ሲሉ ገበያው ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ከሐመር የመጡ ሽማግሌ መሄጃቸውን በአማርኛ መናገር ሲያቅታቸው ረዳቱ ሳቀባቸው። እትዬ አስካለ መሐል ገብተው፣ «አንተስ ሐመርኛ ትችላለህ? እሳቸው ቢያንስ ሞክረዋል!» አሉትና አፉን አስያዙት። ሽማግሌውን ደግፈው ያስገቡትና ከፊት ወንበር ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲሸኙ ግን እሳቸው የትም ሄደው አያውቁም ነበር።

ጡረታ በወጡ ሰሞን እኔ ቤት መጡ። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ፣ ያን ጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከሬዲዮ ጋር የምጣላ ሰው ነኝ።

«መምህር፣ ጡረታ ወጣ ይላሉ እንጂ ማን ወጣ? ሁላችንም እኮ ቤት ነው የገባነው! በሉ እንውጣ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ኦሞ ወንዝ የሚያልቅበት፤ ሐይቁ ውስጥ ያለው ደሴት።»

ያን ሐይቅ በጠመኔ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ! በዐይኔ ግን አይቼው አላውቅም።

ነገሩ መዝናናት ብቻ አልነበረም። አቶ ሙሴን ታውቋቸዋላችሁ፤ በጤና ሥራ አስተርጓሚ ሆነው የኖሩ የዳሰነች ሰው ናቸው። መኪና ተገልብጦ ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ረጅም መንገድ አይችሉም። የተወለዱበት መንደር ድሮ የብስ ነበር፤ ሐይቁ እየሞላ መጥቶ ዙሪያውን ሲከበው ደሴት ሆነ። እናታቸው እዚያ ሲሞቱ ውሃውም ወገቡም ከለከላቸውና ለእናታቸው ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። ታላቅ እህታቸው፣ «ወንድሜ መጥቶ አብሮኝ እስኪያለቅስ እናቴ ሞታለች አልልም» ብለው ላኩባቸው። የሙሴ ልጆች ደግሞ «መንገዱ ይገድልዎታል» ብለው አላስወጣ አሏቸው። ሙሴ በዚህ ሲብሰለሰሉ ከሰውነት ጎዳና ወጡ። «እህቴን ሳላይ ብሞት እናቴን በምን ዐይኔ አያታለሁ?» ይሉን ነበር።

እትዬ አስካለ ጉዞውን እንደ ልብስ በሰው ልክ ሰፉት። ሌላው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ ቆራርጠው ቀይ አፈር ማደሪያ፣ ዲመካ ላይ ምሳና እንቅልፍ፣ ቱርሚ ደግሞ ዳግመኛ አዳር አደረጉት። ሾፌሩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። «ይሄ ልጅ ጉድጓድ ሲያይ ያዝናል» አሉ። የሙሴን ልጆችም ቤታቸው ሄደው አሳመኗቸው። ለእኔ በጆሮዬ፣ «ዝግታው ለሙሴ ወገብ ነው፤ እንዳይሰማቸው ዝም ይበሉ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ኦሞራቴ ላይ ግን ምንም የማይሠራበት አንድ ባዶ ቀን አስገብተው ሳይ ደሜ ፈላ።

«ይሄ ደግሞ የምን ቀን ነው?»

«የነፋስ።»

«ለነፋስም ቀን ይያዝለታል እንዴ?»

«መምህር፣ መናኸሪያ ሳለሁ ሁልጊዜ የሚሰድበኝ ለዝናብ ቀን ያልተወ ሰው ነበር» ብለውኝ ወጡ።

መቼም ሽማግሌ አንድ መኪና ውስጥ ሲታጎር ልጅ ይሆናል። «ሙሴ፣ በትርዎን ይዘዋል? ባሕሩን የሚከፍሉልን እርስዎ ነዎት!» እያልን ቀይ አፈር ገባን። ሙሴም፣ «ከኋላዬ ፈርዖን የለ፣ ምን ያስቸኩለኛል!» ይላሉ። ቱርሚ ላይ ግን ከዛፍ ጥላ አልነሣ ሲባል እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ኧረ እንሂድ!» ብዬ ጮኽኩ። ፖስታ ቤት ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ጽጌ ክንዴን ያዙኝና፣ «መምህር፣ ይረጋጉ እንጂ። እንዲህ የምንንቀራፈፈው ለእርስዎ ደም ግፊት እኮ ነው» አሉኝ።

«ለእኔ? ለሙሴ ወገብ ነው እንጂ!» አመለጠኝ።

ሙሴ ከተጋደሙበት ቀና አሉ። «ኧረ እኔ ለጽጌ ጉልበት ነው የተባልኩት!»

ሁላችንም ወደ እትዬ አስካለ ዞርን። ማንጎ እየላጡ ነበር፤ ቢላቸውን እንኳ አላቆሙም። «ታዲያ ማን ተጎዳ? ለራስህ ስትል ዕረፍ ብል ማናችሁ ትሰሙኝ ነበር? ሽማግሌ ለራሱ ሲሆን ጀግና ነኝ ይላል፤ ለሰው ሲሆን ነው የሚታገሠው» አሉን። እኔ ልቆጣ ፈልጌ ሳቅ አሸነፈኝ። ጽጌማ በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ።

ኦሞራቴ በገባን ማግስት ነፋሱ ተነሣ። ባለጀልባው ሰማዩን አይቶ፣ «ዛሬ ውሃው ሰው አይፈልግም» አለና ጀልባውን አሰረ። ለዚያች ቀን ብቻ የመጡ ጎብኚዎች ነበሩ፤ እያዘኑ ተመለሱ። ሙሴ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ይኸው! አልሆነም» አሉ። እትዬ አስካለ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ «ምን አልሆነም? ዛሬ እኮ የነፋሱ ቀን ነው። የእርስዎ ነገ ነው» አሏቸው። ካርታ እየተጫወትን ዋልን። በማግስቱ ውሃው እንደ ተነጠፈ ሰሌን ተኝቶ ጠበቀን። ያን ጊዜ እኒህን ሴት አየሁና ምን ዓይነት ሰው ናቸው አልኩ! የእግዜርን ነፋስ በፕሮግራማቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር እኮ።

ጀልባዋ ከወንዙ አፍ ስትወጣ ማዶ የሚባል ነገር ጠፋ። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁለት ጣት የማሳየው ሐይቅ! ቡናማው የኦሞ ውሃ ሄዶ ሄዶ አረንጓዴው ውስጥ ሲሰወር አየሁ። «ጌታዬ፣ ይሄ ሁሉ ጓሮአችን ነበር እንዴ?» አሉ ጽጌ። ያ ሁሉ ተማሪ ይቅር ይበለኝ፤ ያስተማርኩት ሩቡን አይሆንም። እትዬ አስካለ እንኳ፣ መናኸሪያውን በአንድ ድምፅ የሚያዙት ሴት፣ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

የሙሴ እህት ዳር ቆመው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዕድሜ የደረቁ ሴት ናቸው። ሙሴን ደግፈን ስናወርዳቸው አልሮጡም፤ ቀስ ብለው ቀረቡና የወንድማቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙት። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ዳሰሱ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ሙሴም አብረው አለቀሱ። ወይዘሮ ጽጌ አንድ ቃል ሳይገባቸው «እናቴን! እናቴን!» እያሉ አብረው ያለቅሱ ጀመር፤ እኔም አልቀረሁ። ስናበቃ እህትየው መሬት ላይ አስቀመጡንና የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡልን። ለሙሴም አንድ ነገር አሏቸው። «አሁን እናታችን ሞታለች አለችኝ» ብለው ተረጎሙልን፤ እንዲህ ሲሉ ፊታቸው ቀሎት ነበር። ወደ ጂንካም በሰላም ተመለሱ፤ ወገባቸውም ችሏቸዋል።

እትዬ አስካለ ከዚያ በኋላም አላስቀመጡንም፤ እግራቸው እስከቻለ ድረስ እየሰበሰቡ አስወጡን። ሕመማቸው ግን አጭር ነበር፤ በቤታቸው፣ በልጃቸው እጅ ዐረፉ።

መርዶው በስልክ ኦሞራቴ፣ ከኦሞራቴ በጀልባ ደሴቱ ደረሰ። ከቀብሩ በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የከብት አይሱዙ በር ላይ ቆመ። የሙሴ እህት ወረዱ። ሐይቁ መንደራቸውን ከከበበ ወዲህ ጂንካን ረግጠው አያውቁም ነበር። አቧራ እንደለበሱ ገብተው መሐል ቆሙና ተናገሩ፤ ሙሴ ተረጎሙ። «ወንድሜን ቀስ አድርጋ አመጣችልኝ። እኔ ግን ሮጬ መጥቼ አልደረስኩላትም።»

ሙሴ በቋንቋቸው አንዲት ቃል መለሱላቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «ደርሰሻል አልኳት» አሉ።

እትዬ አስካለ፣ ብዙ ሰው ብዙ ቦታ አድርሰዋል። በኛ በኩል ለእርስዎ የሚገባውን ቃል ፈልገን አጣን፤ እኔም መምህር ተብዬ ይህን ያህል ብቻ ነው የቻልኩት። አንድ ወሬ ግን ልንገርዎ። ድንኳኑ ሲነሣ የሙሴ እህት አብረው አልተነሡም። በእርስዎ በረንዳ ላይ ከልጅዎ ጋር ተቀምጠዋል። እሳቸው አማርኛ አያውቁም፤ ልጅዎ ዳሰነችኛ አታውቅም፤ ሲያወሩ ግን ይውላሉ። እስከ አርባዎ አልሄድም ብለዋል። ደኅና ይሁኑ፣ እትዬ።