አበዳሪ ሲመጣ ጎረቤቶቼ ዕቃዬን የደበቁብኝ ቀን

በጃንሆይ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ማሠራት የጀመርኩት ባሌ በሞተ በዓመቱ ነው። እኔ እፈትላለሁ፣ ሁለት ሸማኔዎች ቤቴ ውስጥ ይሸምናሉ። ተሸምኖ ያለቀውን በሙቅ ውሃ ነክረን፣ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበን፣ እየዘፈንን በእግራችን እንረግጠዋለን። ያልተረገጠ ባና ምኑን ባና ሆነ፣ ወንፊት ነው! በደንብ ከተረገጠ ግን ብርድም ዝናብም አያሳልፍም። ወደ ደሴ የሚያልፉ ሾፌሮች ጣርማ በር አናት ላይ ምን ዓይነት ብርድ እንደሚጠብቃቸው ስለሚያውቁ ሳያቅማሙ ይገዙታል።

ታዲያ እኔ የምጠቀም እንዳይመስላችሁ። የበግ ጠጉር የሚገዛው በጎቹ በሚሸለቱበት ሰሞን ነው፤ ያኔ ደግሞ እጄ ላይ ሳንቲም የለም። አንድ አራጣ አበዳሪ ነጋዴ ገንዘቡን ይሰጠኛል፣ በምትኩ ባናውን ሁሉ ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል፤ ለሾፌሮቹም የሚሸጠው እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ዋጋ ጠይቆኝ አያውቅም። ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። "አንቺ ደግሞ ምን ጎደለብሽ?" ይለኛል ጥርሱን እየፋቀ። ደሜ ይፈላል፤ ግን ምን አባቴ ላድርግ?

መንግሥት ለእጅ ሥራ ሰዎች በትንሽ ወለድ ሊያበድር ነው የሚል ወሬ የሰማሁት በዚህ መሀል ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ብጠይቅ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ማመልከቻ አጽፌ፣ አውራ ጣቴን አትሜ ሰጠሁ። "ከአዲስ አበባ ሰው መጥቶ ሥራሽን ያያል፤ የሚሠራ ቤት ከሆነ ይፈቀድልሻል፣ ካልሆነ የለም" አሉኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ነጋዴው ከሰማ ገንዘቡን ይይዝብኛል፤ ሸማኔዎቼ ይበተናሉ፣ እኔም ወደ ጠላ ሻጭነት ነው።

ሰውየው ይመጣል ከተባለበት ቀን ቀድሞ ከች አለ። እኔ ገበያ ወርጃለሁ። ከረባት ያሰረ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ጎረቤቴን፣ የቄሱን ሚስት፣ "ባና የምታሠራው ሴት ቤት የቱ ነው? ስንት መሸመኛ አላት? ስንት ጆንያ ጠጉር?" ብሎ ይጠይቃቸዋል። በቃ! እኛ ሰፈር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው። እሳቸው ሆዬ "አረፍ ይበሉ ጌታዬ፣ መንገድ ጎድቶዎታል" ብለው ቤታቸው አስገብተው ጠላ ይቀዱለታል፤ በጓሮ በኩል ደግሞ ሰፈሩን ያዝዛሉ።

መሸመኛው ተፈታትቶ በአጥር ተሻገረ። ጠጉሩ የቄሱ ድርቆሽ ክምር ሥር ገባ፣ ያለቀው ባና በየጎረቤቱ አልጋ ሥር። ሸማኔው ሲሠራ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ እንኳ አልተዉትም፤ ሳንቃ ከድነው ሣር ጎዘጎዙበት። ሰውየው ጠላውን ጨርሶ ቤቴ ሲገባ ያገኘው አንድ መደብና አንዲት ዶሮ ነው። "ይህች ምስኪን ምን አላት ብለው ነው ጌታዬ፣ ለሰው ፈትላ የምታድር" አሉት የቄሱ ሚስት፣ እንባ ቢጤ እየጠረጉ። እሱም አመስግኖ ሄደ።

ስመለስ የቄሱ ሚስት ደጄ ላይ ቆመው እየሳቁ ጠበቁኝ። "አተረፍንሽ አንቺ ልጅ! አንዲት ክር አላየም!"

ነገሩን ሲያወጉኝ ቅርጫቱ ከእጄ ወደቀ። "እትዬ፣ ገደሉኝ! ሰውየው እኮ ገንዘብ ሊሰጠኝ ነው የመጣው!"

"ማን? መንግሥት?" አሉና ግንባሬን ዳሰሱኝ፣ ትኩሳት ይዞኝ የምቀባጥር መስሏቸው።

ሮጥኩ። ሰውየው ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲጠብቅ ደረስኩበት።

"ጌታዬ፣ ቤቴ ባዶ አይደለም! ግብር ሰብሳቢ መስለዋቸው ዕቃዬን ደብቀውብኝ ነው!"

"እሜቴ፣ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ ዶሮ ነው።"

"እባክዎ ተመልሰው ይዩ።"

"አውቶቡሱ ሊመጣ ነው፤ አልችልም።"

ልመናም ልክ አለው። ቦርሳውን ብድግ አደረግሁና ወደ ቤቴ ገሰገስኩ። "ኧረ ሴትዮ! ኧረ የመንግሥት ዕቃ ነው!" እያለ ከኋላዬ ተከተለኝ። ሌላ ምን ያድርግ?

ሰፈር ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሰውየው ቦርሳ አሸክሞ ቤቴን ሊያስበረብር ያመጣኝ መሰላቸው። "ዕቃዬን አውጡ!" ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ! አንዱ ሸማኔዬ "የምን ዕቃ?" ይለኛል፣ ዓይኑን እየጠቀሰ። የቄሱ ሚስትማ "በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይተዉዋት!" ብለው እግሩ ላይ ሊወድቁ። ንድድ አልኩ። ጓሯቸው ዘልቄ ድርቆሹን በታትኜ፣ አንዱን ጆንያ እየጎተትኩ አመጣሁና ሰውየው ፊት ዘረገፍኩት።

ሰውየው ሳቁ አመለጠው። "ስሙኝ፣ እኔ ግብር ሰብሳቢ አይደለሁም። ሥራዋን ካየሁ ብድር አስፈቅድላታለሁ፤ ካላየሁ ባዶ እጇን ትቀራለች" አለ።

የቄሱ ሚስት "ታዲያ ጠላዬን ስትጠጣ ይህን አትናገርም ነበር!" ብለው ጮኹበት። አንቱታው የት እንደገባ እንጃ።

ያን ጊዜ ነበር ማየት! ከየቤቱ ባናው በትከሻ እየተጫነ ይግተለተል ጀመር። ሣሩ ተጠረገ፣ ሳንቃው ተነሣ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ድሩን ወጥሮ መሥራት ሲጀምር፣ ሴቶቹ ውሃ ጥደው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ርገጣውን አቀለጡት። እልልታው ጣርማ በር ሳይሰማ አይቀርም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

"ይህ ሁሉ የማን ነው?" አለኝ በመጨረሻ።

አባቴ የመንግሥት ሰው "ይህ በሬ የማን ነው?" ባለው ቁጥር "የሰው አደራ ነው" ሲል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ባሌም እንዲሁ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"የኔ ነው" አልኩ። "ሁሉም የኔ ነው።" ደስ ሲል! ደግሜ አልኩት።

ብድሩ ተፈቀደ። ጠጉሬን ራሴ በጭነት መኪና ገጠር ድረስ ሄጄ፣ መርጬ ገዛሁ። ባናው ተሸምኖ፣ ተረግጦ በተደረደረ ሰሞን ነጋዴው እንደ ልማዱ አህዮቹን ነድቶ መጣና ሊያነሣ እጁን ሰደደ።

"ቆይ እንጂ!" አልኩት።

"ምን ሆንሽ ዛሬ?"

"ዘንድሮ ያንተ ገንዘብ የለበትም።"

ባናውን አየ፣ እኔን አየ፣ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ሾፌሮቹ ባናውን ከሱ እንደሚጠብቁ ሁለታችንም እናውቃለን።

"እሺ፤ ስንት ነው ታዲያ?" አለኝ።

ሰፈሩ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነገርኩት።